ተበዳይን አታጣድፉ

የጎንደር ሰዎች ሆይ! ይህን የምጽፈው ተቆጥቼ ነው፤ ቁጣዬም ከእናንተው ጋር አብሬ ባጠፋሁት ይጀምራል።

ባለፈው ክረምት አዘዞ ውስጥ አንድ ግቢ ተቀምጠን ነበር። በሠፈራችን በዳይንና ተበዳይን ፊት ለፊት አገናኝተው ለሚያስታርቁት በጎ ፈቃደኞች ቃለ ጉባኤ የምይዘው እኔ ነኝ። አንድ ቄስ፣ አንድ ሼህ፣ ጡረታ የወጡ መምህርና ጠላ ሸጠው ልጆች ያሳደጉ እናት አግዳሚው ላይ ተቀምጠዋል። በመካከል አንድ ወጣት ድንጋይ በትከሻው ተሸክሞ ቆሟል። እሱ ድንጋይ ወርውሮ የመታት፣ እንጀራ ጋግራ የምታድረው ሴት ከግድግዳው ሥር ነጠላዋን እስከ አፏ ስባ ተቀምጣለች። ሁለት የፊት ጥርሶቿ ወልቀዋል። ልጁ ገና አፉን ሳይከፍት ግቢው ሁሉ ወደ እሷ ዞረ። «በይ እንጂ፣ ይቅር ለእግዚአብሔር በይ! ከበደው እኮ!»

እኔም ብዕሬን አንሥቼ «ይቅር ብላለች» ብዬ ልጽፍ ተዘጋጅቼ ነበር።

ያቆሙን እኒያ እናት ናቸው። «ዝም በሉ» አሉን፤ ወደ እሷም ዞረው «ልጄ፣ ምን ጎደለሽ?» ብለው ጠየቁ። ያን ጊዜ ተናገረች። ለሕክምና የተበደረችውን፣ ሳምንታት ምጣድ ሳትጥድ መክረሟን፣ ልጁን ላለማየት በሌላ መንገድ ዞራ እንደምትሄድ ነገረችን። ትንሿ ልጇም ከዚያ ቀን ወዲህ ብቻዋን ወፍጮ ቤት አልሄድም ብላለች። ስለ ልጅቷ ከመካከላችን የሰማ አልነበረም። ወጣቱ አንገቱን የደፋው ይህን ሲሰማ ነው፤ የድንጋዩ ክብደት እስከዚያ ድረስ አላስደፋውም ነበር።

ወገኖቼ፣ ለምን ትቸኩላላችሁ? ፍርድ ቤት ሲኬድ የሚከራከሩት ዐቃቤ ሕግና ተከሳሽ ናቸው፤ ተበዳይ ምስክር ሆና ቃሏን ሰጥታ ትወጣለች። ሽምግልና የሚበልጠው ጉዳቷን በገዛ አፏ፣ በዳይዋ እየሰማ የምትናገርበት ሸንጎ በመሆኑ ነው። ይህን ከነጠቅናት ምን ቀረላት? የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 34 የግልና የቤተሰብ ክርክር በሃይማኖት ወይም በባህል ሕግ እንዲዳኝ ሲፈቅድ በተከራካሪዎቹ ፈቃድ ነው ያለው። የጎረቤት ጉትጎታ ፈቃድ አይደለም።

ከዚህ የከፋም አለ። ልጅ ተጠልፋ ወይም ተደፍራ ሳለ «በሽማግሌ ይለቅ» ብላችሁ የምትሮጡ አላችሁ። የ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ የተጠለፈችው ጠላፊዋን ካገባች ክሱን ይተው ነበር፤ የ1997ቱ የወንጀል ሕግ ግን ጋብቻው ጠላፊውን ከተጠያቂነት አያድነውም ብሎ ያን ቀዳዳ ዘግቷል። ሕግ የዘጋውን በር ሽማግሌ ልካችሁ አታስከፍቱ! በጎ ፈቃደኞቻችን እንዲህ ያለውን ጉዳይ አንነካም ሲሉም «ጨካኞች» አትበሏቸው።

ለበዳይ ቤተሰቦችም የምለው አለኝ። ከእርቁ በፊት ሽማግሌ ቤታችሁ ጠርታችሁ አታብሉ። ልጃችሁ እውነት ከተጸጸተ መንገድ አለው፤ ያው የወንጀል ሕግ ከልብ መጸጸትንና የተጎዳን መካስን ቅጣት ማቅለያ አድርጎ ይቀበላል። ካሳው ግን ከልጁ ላብ ይውጣ እንጂ አጎቱ ከባንክ አውጥቶ አይጣልለት።

ደግሞስ እርቁ ሲፈጸም ግቢ ሙሉ ሰው እልል ብሎ፣ ተመርቆ፣ ጠላውን ጠጥቶ ይበተናል። ከዚያ በኋላ የት ናችሁ? ካሳው በየወሩ መከፈሉን የሚያየው ማን ነው? ያለ አንዳች አበል፣ በጭቃ ዳገት ወጥተው የሚጠይቁት እኒያው መምህርና እኒያው እናት ናቸው። መምህሩ ጉልበታቸውን ያማቸዋል። ዋስ ሆናችሁ የፈረማችሁ ሦስት ጎረምሶች ግን በወር አንድ ቀን እንኳ ብቅ አላላችሁም፤ ስማችሁ በእጄ ጽሑፍ መዝገቡ ላይ አለ።

ሴትዮዋ እስከ ዛሬ «ይቅር» አላለችም። የአራት ወር ካሳ ተቀብላለች፣ የሁለት ወር ይቀራል። ልጁ የወሩን ይዞ ሲመጣ ደጃፉ ላይ ቆሞ ይሰጣታል፤ ባለፈው ወር ለመጀመሪያ ጊዜ ግባ ብላዋለች። እባካችሁ በዚያ በር የምታልፉ ሁሉ፣ ታርቃችኋል ወይ ብላችሁ አትጠይቋት።