ለቢራቢሮም ደብዳቤ አምጪ?

ዛሬ በጣም ስለከፋኝ ረዘም አድርጌ ነው የምፅፈው፣ ጊዜ ያለው ያንብብልኝ። እስቲ አንድ ሰው ያስረዳኝ በእናታችሁ፦ እጄ ላይ ያለው ስልክ ሶስት ሌንስ አለው፣ ዙም ያደርጋል፣ ፎርኬ ቪዲዮ ይቀርፃል፣ ከፈለግኩ እዚያው ቆሜ ላይቭ እገባበታለሁ። እሱን ይዤ ፓርክ ስገባ ቀና ብሎ የሚያየኝ እንኳን የለም። ቦርሳዬ ውስጥ ያለችው አሮጌ ካሜራ ግን፣ ኢንተርኔት የሚባል ነገር የሌላት፣ የገጠምኩላት ሌንስ ደሞ ማክሮ የሚባለው ትንንሽ ነገር ከቅርብ ለማንሳት የተሰራ፣ ልክ እሷ ስትታይ ጥበቃው ከወንበሩ ብድግ ይላል። "እህት፣ ካሜራ አይቻልም።" ለምን? "አይቻልም ተብሏል።" ማን ነው ያለው? "ከላይ ነው።" የተፃፈ ነገር አለ? የለም። በቃ አይቻልም።

እኔ እኮ የማነሳው ቢራቢሮ ነው። ህንፃ አላነሳም፣ ሰው አላነሳም፣ አጥር አላነሳም።

ቢራቢሮዋን ብዙዎቻችሁ ታውቋታላችሁ። ክረምቱ ወጣ ሲል አደይ አበባ ላይ፣ መጭ ላይ፣ አጥር ስር የበቀለ የወፍ ቆሎ ላይ የምታርፈው ብርቱካናማዋ፣ የፊት ክንፏ ጫፍ ጥቁር ሆኖ ነጫጭ ነጠብጣብ ያለበት። ፈረንጆቹ ፔይንትድ ሌዲ ይሏታል፣ የሳይንስ ስሟ ቫኔሳ ካርዱይ ነው። ብርቅ አይደለችም፣ እንግሊዝ አገር የሰው ጓሮ ውስጥ በጋውን ሙሉ የምትታየውም እሷው ናት፣ በአለም ላይ እንደሷ ብዙ ቦታ የተሰራጨ ቢራቢሮ ማግኘት ይከብዳል። ለዚህ ነው መሰለኝ "እሷን ደሞ ምን ብለሽ ታነሻለሽ" የሚሉኝ። ግን እስቲ ክንፏን አጥፋ ስትቀመጥ ጠጋ ብላችሁ እዩ። ከላይ ያለው ብርቱካናማ ይጠፋና የኋላ ክንፏ ጀርባ ቡኒ፣ ግራጫና ክሬም ተደባልቆ ነጫጭ መስመር የተጎተተበት ይሆናል፣ ጠርዙ ላይ ደሞ በመስመር የተደረደሩ ትንንሽ ክብ ምልክቶች አሉ፣ መሀላቸው ሰማያዊ። የፊት ክንፏ ጀርባ ሮዝ ይላል። እግሯን ቁጠሩ፣ አራት ብቻ ነው የሚታያችሁ፣ የፊት ሁለቱ በጣም አጥረው ደረቷ ላይ ተለጥፈዋል። ይሄን ሁሉ በአይን ብቻ እያት ብትሉኝ አላይም ነበር፣ ያየሁት ፎቶውን ቤት ወስጄ ኮምፒውተር ላይ ትልቅ አድርጌ ነው።

"ታዲያ በስልክ አንሺያ" የሚል ኮመንት እንደሚመጣ አውቃለሁ። በስልክ ለማንሳት አፍንጫዋ ስር መድረስ አለብኝ። እዚያ ሳልደርስ ጥላዬ ይወድቅባታል፣ ጥላ ሲነካት ደሞ ትነሳለች፣ አለቀ። በማክሮ ሌንስ ግን ራቅ ብዬ ቁጭ ብዬ አነሳታለሁ። እሱም ቀላል እንዳይመስላችሁ፣ በዚያ ርቀት ፎከስ የሚያርፈው ጥቂት ሚሊሜትር ላይ ብቻ ስለሆነ ካሜራው ከክንፏ ጋር ትይዩ ካልሆነ ወይ ጭንቅላቷ ይደበዝዛል ወይ የክንፏ ጫፍ፣ ንፋስ አበባውን ወዝወዝ ካደረገው ደሞ ሻተሩን (ካሜራው ተከፍቶ የሚዘጋበትን ፍጥነት) 1/500 ሰከንድ እና ከዚያ በላይ ካላደረጋችሁት ምንም አይወጣም።

ሰአቱ ደሞ አለ፣ እኔን የሚያቃጥለኝ ዋናው እሱ ነው። ቢራቢሮ በራሷ ሰውነቷን የምታሞቅ እንስሳ አይደለችም፣ የአዲስ አበባ ጠዋት ደሞ ታውቁታላችሁ፣ በመስከረምም ይበርዳል። ስለዚህ ጠዋት ክንፏን ዘርግታ ድንጋይ ወይ ቅጠል ላይ ፀሀይ ትሞቃለች፣ እስክትሞቅ ድረስ ቶሎ አትነሳም። ሁለት ሰአት፣ ሁለት ተኩል፣ ቢበዛ ሶስት፣ ፎቶ የሚነሳው ያኔ ነው። አራት ሰአት ካለፈ በቃ አንዱ አበባ ላይ ትንሽ አርፋ ወዲያ ናት። እኔ ደሞ ያንን ሰአት የማሳልፈው በር ላይ ቆሜ "ቢሮ ሂጂና አናግሪ" እየተባልኩ ነው። ቢሮ ስሄድ ሀላፊው አልገባም። ሲገባ ስብሰባ ላይ ነው። ከስብሰባ ሲወጣ "ከምትሰሪበት መስሪያ ቤት ደብዳቤ አምጪ" ይለኛል። ከየትኛው መስሪያ ቤት ነው የማመጣው? እኔ የምሰራው ሂሳብ ነው! አለቃዬ ለቢራቢሮ ደብዳቤ ይፃፍልኝ?

ሌላው ጋ ደሞ "ክፍያ አለው" ተባልኩ። እሺ ልክፈል። ስንት ነው ስል ለካ የሰርግ ፎቶ ክፍያ ነው። ሙሽራና ሚዜ፣ ቪዲዮ ቀራጭ፣ መብራት የሚይዝ፣ ሪፍሌክተር የሚይዝ፣ ከነመኪናቸው ሲገቡ የሚከፍሉትን እኔ ብቻዬን ሳር ላይ በክርኔ ተኝቼ ልከፍል ነው። ለግለሰብ የሚሆን ክፍያ የለም ወይ ስላቸው ሲስተሙ ላይ የለም አሉኝ።

ጥበቃዎቹን አይደለም የምወቅሰው፣ ይሄ ይሰመርልኝ። አንድ ትልቅ ሰው ነበሩ፣ ጋሼ እዩት እስቲ ብዬ ቀድሞ ያነሳሁትን በካሜራው ስክሪን አሳየኋቸው፣ መነፅራቸውን አውጥተው አዩ፣ "ይቺ ናት እንዴ? ይቺማ እኛ አገር ኑግ ማሳ ላይ ሞልታለች" አሉና በጣታቸው ክቦቹን አንድ ባንድ ቆጠሩ። ከዚያ "ልጄ እኔ ባስገባሽ ደስ ባለኝ፣ ነገር ግን ካሜራ ገባ ከተባለ የምጠየቀው እኔ ነኝ" አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ትእዛዙን ያወጣው ሰው ግን በር ላይ ቆሞ አያውቅም፣ ለምን እንዳወጣውም የሚጠይቀው የለም።

ነገሩ የኔ መዝናኛ ጉዳይ ብቻ ቢሆን እኮ እንዲህ አልጮህም ነበር። ይቺ ቢራቢሮ በአየር ከአፍሪካ አውሮፓ ድረስ የምትሄድ ናት፣ ከሰሀራ በታች እስከ ሰሜን ዋልታ ጠርዝ ደርሶ መልስ ከ14 ሺ ኪሎ ሜትር በላይ፣ አንዷ አትጨርሰውም፣ መንገድ ላይ እየተዋለዱ እስከ ስድስት ትውልድ ተቀባብለው ነው የሚጨርሱት። በፈረንጆቹ 2009 በብዛት አውሮፓን ስታጥለቀልቅ ብሪታንያ ብቻ 11 ሚሊዮን ገደማ ገብተው በመኸሩ 26 ሚሊዮን ገደማ እንደወጡ ተገመተ። በመኸር ወዴት እንደሚጠፉ ግን ለረጅም ጊዜ የሚያውቅ አልነበረም፣ ሁሉም እዚያው ብርድ ላይ ያልቃሉ የሚል ነበር። መልሱ የተገኘው በራዳር ነው፣ ደሞ በተራ ሰው! ጓሮው ውስጥ አይቶ መዝግቦ የላከ ጡረተኛ፣ ተማሪ፣ የቤት እመቤት፣ ከመላው አውሮፓ ከ60 ሺ በላይ መረጃ ነው የገባው። ራዳሩ ደሞ ሲመለሱ ከሰው አይን ርቀው ከፍ ብለው እንደሚበሩ አሳየ። በፈረንጆቹ 2014 ደሞ ጄራርድ ታላቬራና ሮጀር ቪላ የሚባሉ ተመራማሪዎች ሰሀራን ተሻግረው የት እንደሚያርፉ ለማየት ቤኒን፣ ሴኔጋል፣ ቻድ እና ወደኛ አገር ወደ ኢትዮጵያ መጡ። ከባርሴሎና ተነስተው ለዚህች ቢራቢሮ እዚህ ድረስ! እኔ እዚሁ ተወልጄ ያደግኩት ሰው በሩን ማለፍ አልቻልኩም።

ፎቶ የሚጫንባቸውን የተፈጥሮ አፖች ክፈቱና ካርታውን እዩ። አውሮፓ ነጥብ በነጥብ ሆኗል፣ ኢትዮጵያ ላይ ስትመጡ እዚህ አንድ እዚያ አንድ። ቢራቢሮ ጠፍቶ አይደለም። "ከጎግል አውርጂ" የምትሉኝ፣ ጎግል ላይ ያለችው የሰው አገር አበባ ላይ ያረፈችዋ ናት፣ እኔ የምፈልገው አደይ አበባ ላይ ያለችዋን ነው፣ ቀኑ እና ቦታው ተፅፎበት።

ከከተማ ወጣ ስል እንኳን ይሻላል። አንዴ ሱሉልታ መስክ ላይ ተንበርክኬ አንድ ገበሬ መጥተው "ምን ጠፋሽ ልጄ?" አሉኝ፣ ነገርኳቸው፣ "ወዲያ ወንዙ ዳር ኮሸሽላው ላይ ነው የሚበዛው" ብለው መርተው ወሰዱኝ። እውነትም ትሏ የምትበላው ኮሸሽላና ልት ነው። ከተማ ውስጥ ደሞ እነዚህን አረም ነው ብለው ነቅለው ይጨርሱና ሳር ያነጥፉበታል፣ ሳሩ ላይ ምንም አይፈለፈልም። በየሳምንቱ ሱሉልታ እንዳልሄድ ግን ታክሲ ሰልፍ ላይ ስቆም ሶስት ሰአት ይሆናል።

የምጠይቀው ከባድ ነገር አይደለም። በር ላይ አንድ ወረቀት ይለጠፍ፦ ያለ ትሪፖድ፣ ያለ ሙሽራ፣ ለግል የሚነሳ ፎቶ ይቻላል፣ ዋጋው ይሄን ያህል ነው ተብሎ። ካሜራዬን ፈትሹ፣ መታወቂያዬን ያዙ፣ ስወጣ ያነሳሁትን አንድ ባንድ ላሳያችሁ።

እስከዚያው ግን ግቢያችሁ ውስጥ የወፍ ቆሎ ወይ አደይ አበባ ያላችሁ አዲስ አበባ የምትኖሩ ሰዎች፣ በተለይ የጠዋት ፀሀይ የሚያገኝ ግቢ ካላችሁ፣ ኢንቦክስ አድርጉልኝ። ሁለት ሰአት ላይ መጥቼ ሶስት ተኩል እወጣለሁ፣ ፎቶውንም ለናንተ እልካለሁ። አደይ ከማለቁ በፊት ቶሎ በሉ በናታችሁ።