ለአጥንት ቆጣሪዎቻችን ኒሻን ይሰጥልን

ሰሞኑን አንድ ጋብቻ ፈረሰ። ምክንያቱን ሳልነግራችሁ ታውቁታላችሁ። «የልጅቱ አያት ዝሆኔ ነበረባቸው» ተባለ፤ አለቀ።

እኔ ግን ላመሰግን ነው የመጣሁት። ሌላው ዓለም ለዘረ መል ምርመራ ስንት ማሽን ይገዛል። እኛ እትዬ አሉን። እትዬ ደም አይቀዱም፣ ምራቅ አይቀበሉም። ለቅሶ ቤት ጥግ ይዘው «የማን ልጅ ናት?» ይላሉ፤ በቃ፣ ላብራቶሪው ተከፈተ። አቦሉ ሳያልቅ የእናቷ አገር ይታወቃል። ቶና ላይ አያቷ የትኛው እግራቸው ያብጥ እንደነበር፣ ከመቼ ጀምሮ ገበያ መውጣት እንደተዉ፣ በየትኛው ከዘራ ይሄዱ እንደነበር ይደረስበታል። በረካ ላይ ውጤቱ ይወጣል፦ «ዘሩ ውስጥ አለ።» ይግባኝ የለውም። ሰባት ቤት ወደ ላይ ሲቆጠር 128 ሰው ይመጣል። (ለሥጋ ዝምድና ሲሉ መቁጠራቸው ደግ ነው፤ እሱን አልነካም።) እትዬ ከ128ቱ የአብዛኞቹን ስም እንኳ አያውቁም። ያበጠችዋን እግር ግን አይስቷትም። ልጅቱ ነርስ ትሁን፣ በየዓመቱ ታላቁ ሩጫን ትሩጥ፣ በባለ ተረከዝ ጫማ እስኪነጋ ትጨፍር፣ ዋጋ የለውም። የአያቷን እግር ይዛ ነው የምትሄደው።

ሳይንስ ዘገምተኛ ነው። የአያትየው ዓይነት ዝሆኔ የሚመጣው ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ በተገኘ ቀይ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግር ከመሄድ ነው ይላል። ደቃቁ አፈር በቆዳ ይገባና የእግሩን የሊምፍ ቧንቧ (ከሥጋ ውስጥ ትርፍ ፈሳሽ የሚያወጣውን) ይጎዳል። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ የወላይታ ጥናት ደግሞ፣ ኤችኤልኤ በሚባሉ፣ የሰውነትን መከላከያ በሚመሩ ዘረ መሎች ላይ ያለ ልዩነት አንዳንዱን ሰው ይበልጥ ተጋላጭ እንደሚያደርገው አሳየ። እትዬ ግማሿን አግኝተዋታል ማለት ነው። ሌላዋን ግማሽ፣ አፈሩን፣ ረሱት። ዘር ብቻውን እግር አያሳብጥም። ጫማ ይከላከለዋል።

እዚህ ላይ ሽሙጡ ይብቃኝ። እኚያ አያት ጥፋታቸው ጫማ መግዣ ማጣታቸው ነው። በባዶ እግራቸው አርሰው አገር አበሉ። ውሃ፣ ሳሙናና ጫማ የሚያቀርብላቸው ጠፍቶ፣ ከዕድር የሚያገላቸው ግን ሞልቶ ነበር። አሁን ደግሞ ጫማ አድርጋ ያደገች የልጅ ልጃቸው ትቀጣ? ነውር ነው! እግዜርም አይወደው።

ወደ ምስጋናዬ ልመለስ። የወንዱ ወገን ዘሩ የጠራ ነው። «በእኛ ቤት ስኳር የሚባል በሽታ የለም» ብለዋል። አባትየው ቡና ያለ ስኳር የሚጠጡት ጣዕሙን ወደውት ነው። ፍሪጅ ውስጥ ከቅቤው ጀርባ ያለው ኢንሱሊን የጎረቤት አደራ ነው። አጎትየው ጣታቸው የተቆረጠው ሚስማር ወግቷቸው ነው። ወላጅ ስኳር ካለበት የልጅም ዕድል ከፍ ይላል የሚል ሐኪም ካለ፣ ምቀኛ ነው። ደግሞ ስኳር የድሎት በሽታ ነው፤ ከጫማ ማጣት ጋር ምን አገናኘው?

ለልጁ ሌላ ተገኝታለታለች። የእሷም ወገን «በዘራችን ምንም የለም» ብሎ ምሎ ተገዝቷል። የሽምግልናው ዕለት ለስላሳ ሲቀርብ ሁለቱም አባቶች «ጾመኛ ነን» ብለው መለሱ። ዶሮ ወጡን ግን አልማሩትም።