አጥንት ቆጣሪዎቻችን ኑሩልን

ሳይንቲስቶቹ ያሳዝኑኛል። እ.ኤ.አ. በ2012 ጋሞ ደጋ ላይ፣ ሞታ ከሚባል ዋሻ የአንድ ሰው አጽም ቆፍረው አወጡ። ሰውዬው 4,500 ዓመት ገደማ ተኝቷል። ሙቀት ዲኤንኤን ስለሚያበላሽ የውስጥ ጆሮን ያቀፈውን ጠጣር አጥንት ፈጭተው በስንት መከራ አነበቡት። ከዛሬ ሰዎች ይበልጥ የሚቀርቡት የደቡብ ኢትዮጵያዎቹ አሪዎች ናቸው ብለው በ2015 ጻፉ።

ምነው ደሴ ብቅ ባሉ! እኛ ዘንድ ዋሻም ላብራቶሪም አያስፈልግም። አቦል ተቀድቶ ቶና ሳይደርስ አንዱ ዘሩን ሰሎሞን ጋ ያደርሳል። ሌላው ባሕር ተሻግሮ መካ ይገባል። ለበረካ የሚተርፈው የጎረቤትን ዘር ማጣጣል ብቻ ነው።

ቁጥባቸው ደግሞ! ድሮ ሰባት ቤት የሚቆጠረው ዘመድ ከዘመድ እንዳይጋባ ነበር። ሰባት ትውልድ ወደኋላ ሲኬድ ሰው 128 አያቶች ይኖሩታል። የኛዎቹ 127ቱን በክብር አሰናብተው አንዱን ያስቀራሉ። እሱም ሁልጊዜ መኳንንት ነው። ሸማኔ ወይም ቀጥቃጭ አያት ያለው ሰው ወሎ ውስጥ እስካሁን አልገጠመኝም። እህሉንም ማን ያርስ እንደነበር እንጃ።

ንጽሕናውስ! በ2012 የታተመ ሌላ ጥናት የዛሬ 3,000 ዓመት ገደማ ከባሕር ማዶ የመጡ ሰዎች ከአገሬው ጋር እንደተቀላቀሉ ይናገራል። አማራውም ኦሮሞውም ቅልቅሉን ይዞ ተገኝቷል። ይህንን ለአንድ አዋቂያችን ነገርኳቸው።

«የሌላውን ነው ልጄ፤ የኛን ደም መቼ ነኩት?» አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። ባቲ ሰኞ ገበያ አፋሩ፣ ኦሮሞው፣ አርጎባው፣ አማራው ስንት ዘመን ሲገናኝ የተሸጠው ጨውና ከብት ብቻ ነው። ማንም ማንን ቀና ብሎ አላየም። የወሎው ንጉሥ ሚካኤል ቀድሞ መሐመድ አሊ ይባሉ ነበር የሚለውንማ ለቱሪስት ተዉት።

ከሁሉ የማደንቀው ግን የኛዎቹን አለመሳሳት ነው። የሞታዎቹ ተመራማሪዎች በ2016 እርማት አወጡ። ሁለት የኮምፒውተር ፕሮግራሞች አልተግባቡም፤ ከውጭ የገባው ዘር መላ አፍሪካን አዳርሷል ያልነው ተጋንኗል አሉ። ሰው እንዴት እንዲህ ራሱን ያዋርዳል? የኛ አዋቂ በሕይወታቸው አንድ እርማት አላወጡም። አምና የላስታ ባላባት የነበሩት አያታቸው ዘንድሮ የየጁ ሆነው ሳገኛቸው ግራ ገብቶኝ ጠየቅኋቸው።

«እሱ በእናቴ በኩል ነው» አሉኝ። «አባቴን ገና አልጀመርኩልህም።»