ደመወዝ ለምኔ፣ ጣና እያለ!

የከተማችንን የባሕር ዳርን ቀጣሪዎች የማያመሰግን ሰው ውለታ ቢስ ነው። በየዓመቱ ከዩኒቨርሲቲያችን ግቢዎች ከፔዳና ከፖሊ ጋዋኑን አውልቆ የሚወጣውን ወጣት ከገንዘብ ፍቅር ለመጠበቅ እንደ እነርሱ የደከመ ማን አለ? ባለፈው ሳምንት አንዲት የሠፈራችን ተመራቂ ቃለ መጠይቁን አልፋ «ሰኞ ግቢ» ስትባል ደመወዙ ስንት እንደሆነ ብትጠይቅ፣ «ለገንዘብ ብለሽ ነው እንዴ የመጣሽው?» ተባለች። ምናልባት የቢሮውን መጋረጃ ልታይ ሄዳ ይሆናል።

ከዚያ በኋላ የተሰጣት ማብራሪያ ግን በወርቅ ቀለም ሊጻፍ ይገባዋል፦ «አዲስ አበባ ብሩ ይበዛል፤ እዚህ ግን ሐይቁ አለ፣ ነፋሻው አየር አለ።» እኛ ሞኞቹ የጣና ነፋስ ዳር ላይ ለተቀመጠ ሁሉ በነፃ የሚነፍስ መስሎን ኖረናል፤ ለካ ጥቅማ ጥቅም ኖሯል! እንግዲያውስ ሕጉ ይከበርና ከነፋሷ ላይ 7 በመቶው ለጡረታ ይቆረጥ፣ ቀጣሪዋም ከራሱ ነፋስ 11 በመቶ ይጨምርላት። ከሥራ ሰዓት ውጪ እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ብትቆይ 1.5 እጥፍ፣ ከዚያ ካለፈ 1.75 እጥፍ ይንፈስላት፤ ለጥምቀት ሥራ ከተጠራች ደግሞ 2.5 እጥፍ ስለሚሆን ታንኳ ቀዛፊዎች ከወዲሁ ይጠንቀቁ። ወር ሲሞላ የቀበሌ 14 አከራይዋ ኪራይ ሲጠይቋት መስኮቱን ወለል አድርጋ ከፍታ «የፈለጉትን ያህል ይውሰዱ» ትበላቸው። ለባጃጁ አንድ ትንፋሽ፣ ለተጠበሰ ቆሮሶ ዓሣ ሁለት ትንፋሽ ትክፈል፤ መልስ ካለም ይመለስላት። ቀጣሪዋ ነገ እምቦጩ ሐይቁን ሲሸፍነው «ድርጅቱ የበጀት እጥረት ስለገጠመው» የሚል ማስታወቂያ ለጥፎ ነፋሱን በግማሽ እንደሚቀንስባትም አልጠራጠርም።

«እዚህ ሁላችንም ቤተሰብ ነን» የሚለው ቀጣሪም አይረሳም። ቤተሰብነቱ እጅግ የጠለቀ ስለሆነ ዋናውን ዲግሪ ተቀብሎ ካዝና ውስጥ ይቆልፍበታል፣ ደመወዝተኛ ዋስም ያስጠራል።

እዚህ ላይ ግን ሽሙጡ ይብቃኝ። እናቱ ሜጫ ላይ በቆሎ ሸጣ ያስተማረችውን ልጅ «ገና በሙከራ ላይ ነህ» እያሉ ስድስት ወር በኪስ ገንዘብ ማሠራት ስርቆት ነው፤ ሌላ ስም የለውም። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀናት እንዳይበልጥ፣ ስምምነቱም በጽሑፍ እንዲሆን ያዛል፤ በሙከራ ላይ ያለ ሠራተኛም ሙከራውን ከጨረሰው ጋር እኩል መብት አለው። ውሉ በቃል ከሆነም አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ ዝርዝሩን ጽፎና ፈርሞ መስጠት አለበት። ለግል ድርጅት ሠራተኛ የተቆረጠ ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል አለመኖሩን ተገን አድርጎ የድሃ ልጅ ጉልበት የሚበላ ሰው፣ የሐይቁን ስም ባያነሳ መልካም ነበር።

ወደ ምስጋናዬ ልመለስና፣ የሁሉም የበላይ ባለውለታ «ያገኘሽውን ያዢ፣ ሰው አታስቀይሚ» የሚለው አጎት ነው። ይህ አጎት ለፋሲካ በግ ሲገዛ ላቱን መዝኖ፣ ጥርሱን አይቶ፣ ሦስት ጊዜ ትቶት ሄዶ ሦስት ጊዜ ተመልሶ፣ ግማሽ ቀን ሙሉ ይከራከራል፤ ያን ቀን ነጋዴውን ማስቀየም የሚባል ነገር ትዝም አይለው። የእህቱ ልጅ ግን አራት ዓመት የተማረችበትን ሙያ ስትሸጥ «የነገራችሁኝ ደመወዝ ጥቅል ነው ወይስ የተጣራ? የዓመት እረፍቴስ 16 የሥራ ቀን ነው?» ብላ ብትጠይቅ፣ ነጠላውን አስተካክሎ ቀጣሪውን ይቅርታ ለመጠየቅ የሚነሣው እርሱ ነው።