ለኳስ ተጫዋች ወጌሻ ካስፈለገ ለመጋዘን ሠራተኛም ያስፈልጋል

እዚህ ቨርጂኒያ የምሠራበት መጋዘን ባለፈው ሳምንት አንድ ወረቀት ለጠፈ። ማክሰኞና ሐሙስ እየመጣ የሚያየን ወጌሻ፣ በእንግሊዝኛው አትሌቲክ ትሬነር፣ ከዚህ ወር በኋላ አይመጣም ይላል። ምክንያቱ ወጪ ነው ተባለ። እሱንስ እሺ ልበል። ያንገበገበኝ ሥራ አስኪያጁ በጠዋቱ ስብሰባ ላይ የተናገረው ነው፦ «እናንተ የመጋዘን ሠራተኞች እንጂ አትሌቶች አይደላችሁም። ያመመው ሐኪም ቤት ይሂድ።»

አትሌት አይደለንም? እስቲ እንቁጠር። እኔ ባለሁበት መስመር አንድ ሰው በሰዓት 100 ካርቶን ያነሳል። አንዱን ካርቶን 8 ኪሎ እንበለው። በ10 ሰዓት ፈረቃ 8,000 ኪሎ ይመጣል። 80 ኩንታል ማለት ነው! በአንድ ቀን፣ በአንድ ሰው ወገብ፣ በሳምንት አራት ጊዜ። ኳስ ተጫዋች እግሩን ሲይዘው ወጌሻው ቦርሳውን አንጠልጥሎ ወደ ሜዳ ይሮጣል፤ ለምን ሮጠ የሚል የለም። 80 ኩንታል ያነሳ ሰው ወገቡን ሲይዘው ግን የራሱ ጉዳይ ነው።

አትሌቲክ ትሬነር ሲባል ጂም ውስጥ ክብደት የሚያሠራ ሰው የሚመስለው ብዙ ነው። አይደለም። ዩኒቨርሲቲ የተማረ፣ ከሐኪም ጋር ተያይዞ የሚሠራ የጤና ባለሙያ ነው፤ በአብዛኞቹ ግዛቶችም ያለ ፈቃድ አይሠራም። የአሜሪካ ሐኪሞች ማኅበር ለሙያው እውቅና የሰጠው በ1990 እ.ኤ.አ. ነው። እኛ በአገርኛ ወጌሻው ነው የምንለው።

«ያመመው ሐኪም ቤት ይሂድ» የሚል ሰው የጡንቻና የመገጣጠሚያ ጉዳት እንዴት እንደሚመጣ አያውቅም። አንድ ቀን ወድቀህ የምትሰበረው ዓይነት አይደለም። መጀመሪያ ማታ ማታ ጣትህ ይደነዝዛል። ከዚያ ጠዋት ጃኬት ስትለብስ ትከሻህ አልታዘዝ ይልሃል። ከዚያ ልጅህን ማቀፍ ያቅትሃል። ሐኪም ቤት የምትሄደው ያኔ ነው፣ ነገሩ ከከረመ በኋላ። የኛ ሰው ደግሞ አይናገርም። የቤት ኪራይ አለበት፣ አገር ቤት እጁን የሚጠብቅ ቤተሰብ አለው፣ «አመመኝ ካልኩ ሰዓቴን ይቀንሱብኛል» ብሎ ይፈራል። ስለዚህ ቪክስ ተቀብቶ፣ ታይለኖል ውጦ ይመጣል። ወጌሻው ግን ቢሮ ተቀምጦ «የታመመ ይምጣ» አይልም። በመስመሩ መሃል እየሄደ ያያል። ሳትነግረው ያውቅብሃል።

አብረውኝ የሚሠሩ አንዲት እናት አሉ፣ ሁላችንም እትዬ ነው የምንላቸው። መሬት ላይ ካለ ፓሌት (ዕቃ የሚደረደርበት ርብራብ) ካርቶን ባነሡ ቁጥር በግራ እጃቸው ጉልበታቸውን ይደገፋሉ። ሦስት ወር ሙሉ አጠገባቸው ቆሜ ልብ አላልኩም። ወጌሻው በሁለተኛ ቀኑ አየ። አስተርጓሚ ሆኜ ጠየቃቸው። «ምንም አይደለም በለው ልጄ፣ ድካም ነው» አሉ። አላመናቸውም። ወገባቸውን መረመረ፣ ጎንበስ ቀና አስደረጋቸው፣ ከዚያ ሄዶ ሁለት ባዶ ፓሌት ጎተተና ካርቶኖቹ ካሉበት ፓሌት ሥር አስገባ። ዕቃው ከፍ አለ። ያ ሁሉ ማጎንበስ ቀረ። ከፈረቃ በፊት የሚሠሩትን እንቅስቃሴም አሳያቸው። በወሩ እጃቸው ጉልበታቸውን ለቀቀ።

ይህ ሰውዬው እንዲሁ የፈጠረው ዘዴ አይደለም። ናዮሽ የሚባለው የአሜሪካ መንግሥት የሥራ ደኅንነትና ጤና ምርምር ተቋም ዕቃ የሚነሳበትን መጠን የሚያሰላ ቀመር አለው። ሁሉ ነገር ሲመቻች፣ ብዙ ሳታጎነብስ፣ ሳትጠማዘዝ፣ ዕቃውን ወደ ሰውነትህ አስጠግተህ ስትይዝ የሚመከረው ጣሪያ 23 ኪሎ ነው። ከቁርጭምጭሚትህ 25 ሴንቲ ሜትር ይርቅ የነበረው እጅህ 50 ሴንቲ ሜትር ከራቀ 23ቱ ኪሎ በግማሽ ይወርዳል። በደቂቃ ስንቴ እንደምታነሳ፣ ስንት ሰዓት እንደምትቆይ ሲታሰብ ደግሞ ከዚያም ይወርዳል። ታዲያ ይህንን ሐኪም ቤት ያለው ዶክተር ከየት ያየዋል? እሱ የሚያየው የታመመውን ወገብ ነው። ፓሌቱን አያየውም።

ፎርክሊፍት በየቀኑ ሥራ ላይ ከመዋሉ በፊት እንዲመረመር የፌዴራል ደንብ ያስገድዳል። ጎማው፣ ፍሬኑ፣ ሹካው ይታያል። የሠራተኛውን ወገብና ትከሻ ከእንዲህ ዓይነት ጉዳት ለይቶ የሚጠብቅ የፌዴራል ደንብ ግን የለም። ወጥቶ ነበር። ኦሻ የሚባለው የሥራ ደኅንነት ደንብ የሚያወጣው የፌዴራል መሥሪያ ቤት በኖቬምበር 2000 እ.ኤ.አ. አወጣው፣ ኮንግረስ በማርች 2001 ሻረው፣ ፕሬዚዳንት ቡሽ መሻሩን ፈረመበት። ያኔም ሰበቡ ወጪ ነበር። ሃያ ምናምን ዓመት ሙሉ ያው አንድ ቃል! የአንድ ሰው የወገብ ቀዶ ሕክምናና ካሳ ሲደመር የወጌሻውን የሳምንት ሁለት ቀን ክፍያ ስንት ጊዜ እንደሚሸፍን ቁጭ ብሎ ያሰላው ያለ አይመስለኝም።

«ወጌሻ ማለት ድርጅቱ ጉዳት የሚደብቅበት ነው» የሚሉ ጓደኞችም አሉኝ። እንዲህ የሚያደርግ አይጠፋም። ማሳጅ በኦሻ ደንብ እንደ መጀመሪያ ርዳታ ስለሚቆጠር፣ በሱ ብቻ ያለቀ ጉዳት መዝገብ ላይ አይገባም፤ ፊዚዮቴራፒ ሲሆን ይመዘገባል። ሐኪም ሊያየው የሚገባውን ሰው በማሳጅ የሚያቆይ ድርጅት ካለ እሱ ይጠየቅ። እኛ ጋ እንዲህ አልሆነም። እንዲያውም ሁለት ልጆችን «ይሄ የኔ አይደለም፣ ዛሬውኑ ሐኪም ጋ ሂዱ» ብሎ የላካቸው እሱ ራሱ ነው።

ሐሙስ በምሳ ሰዓት ፊርማ ማሰባሰብ ጀምረናል። የምንጠይቀው ወጌሻው እንዲቆይ ብቻ አይደለም። ፓሌት ከፍ አድርጉ፣ ፍጥነት ቀንሱ ሲል የሚሰማው እንዲኖርም ጭምር ነው። እስካሁን 37 ሰው ፈርሟል። እትዬ ስማቸው የትም ወረቀት ላይ እንዳይገባ የሚጠነቀቁ ሰው ናቸው። ወረቀቱን ሳሳያቸው ምን እንደሚል ጠየቁኝ፣ ነገርኳቸው። እስክሪብቶውን ከእጄ ወስደው ፈረሙ።