በድንገት

ሐኪሙ «በቤተሰብህ ስኳር፣ ግፊት፣ የልብ ሕመም፣ ካንሰር ያለበት ሰው አለ?» ሲለኝ አፌ ላይ እንደመጣልኝ «ተመስገን፣ ማንም የለም» አልኩት። ቀና ብሎ አየኝና «የለም ነው ወይስ አታውቅም?» አለኝ።

ዘር ቆጠራ ላይ የሚስተካከለን የለም። የትኛው ቅድመ አያት ጀግና እንደነበረ፣ ማን ከማን ጋር በድንበር እንደተካሰሰ ሕፃኑ ሳይቀር ያውቃል። በምን ሞቱ ሲባል ግን ቤተሰባችን ያለው በሽታ አንድ ብቻ ነው፤ «በድንገት»።

የቤተሰባችንን የበሽታ የዘር ሐረግ ልስል እርሳስና ወረቀት ይዤ አክስቴ ዘንድ ሄድኩ። አሳሳሉ ቀላል ነው። ወንድ አራት ማዕዘን፣ ሴት ክብ፤ የታመመው ይጠቁራል፣ በሞተው ላይ ሰያፍ መስመር ይሰመርበታል። ሦስት ትውልድ ይበቃል። ቀላል ያልሆኑት አክስቴ ናቸው። በአያቴ አራት ማዕዘን ላይ ሳሰምር መነጽራቸውን አስተካከሉና፣

«አባቴን ሰረዝከው?»

«ሞተዋል ለማለት ነው፣ እትዬ።»

«መሞቱን አጣሁት? መሰረዝን ምን አመጣው!»

በላጲስ አጥፍቼ ስስ አድርጌ አሰመርኩ። «ከመሞታቸው በፊት ምን አመማቸው?»

«ምንም። ደረቴን ጨመደደኝ ብሎ ቁጭ አለ፣ ሳይመሽ ሄደ።»

«ልብ ነዋ!»

«ልብ? አባቴ? እንደሱ ያለ ልበ ሙሉ ሰው የት ተገኝቶ!»

የተወለዱበትን ዓመት የጻፈ የለም። ታናሿ ጥርስ ስታበቅል፣ ትልቁ ትምህርት ቤት ሲገባ እያልን ደምረን ቀንሰን የሞቱት በ51 ዓመታቸው እንደሆነ ደረስንበት። ዕድሜውን የፈለግኩት ወድጄ አይደለም። ወንድ ከ55፣ ሴት ከ65 ዓመት በፊት በልብ ከታመሙ ሐኪም ብዕሩን ያነሳል። በ85 የደከመ ልብ እርጅና ሊሆን ይችላል፤ በ51 ቀጥ ያለ ልብ ግን ለልጅ ልጅም የሚለው ነገር አለው።

በእናቴ ወገን ስጠይቅ ደግሞ ቁመናውና ጭንቅላቱ ከእነሱ፣ ስኳሩ ከአባቴ ወገን ሆኖ አገኘሁት። የአባቴ ወገን ይህንኑ ገልብጠው ነገሩኝ። ከሁለቱም እኩል እኩል እንደወረስኩ የሚያምንልኝ ጠፋ።

ወደ አክስቴ ክብ ስመለስ አልጋቸው ራስጌ የኪኒን ከረጢት አየሁ። «ግፊት አለብዎት እንዴ?»

«ነበረብኝ። አሁን ኪኒኑን ስለምውጥ የለብኝም።»

ግማሹን ክብ አጠቆርኩ። «ማን አጥቁረኝ አለህ?» አሉ። እንደገና ላጲስ። ወረቀቱ ሊቀደድ ምንም አልቀረው።

ሳቄን ያቆመው የአጎቴ ነገር ነው። ሁላችንም የምናውቀው ጨጓራ ነበር። አክስቴ ቤት ውስጥ ከእኔ ሌላ ሰው ሳይኖር በሩን ዘጉና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ጨጓራ አልነበረም። አንጀቱ ላይ... ያ ስሙ የማይጠራው ነው። ልጆቹ እንዳይደነግጡ ብለን ነው» አሉኝ። በሽታው የተገኘበት በ48 ዓመቱ ነው። ወላጁ በዚያ ዕድሜ የአንጀት ካንሰር የተገኘበት ሰው፣ ወላጁ ከታወቀበት ዕድሜ 10 ዓመት ቀድሞ መመርመር እንዲጀምር ይመከራል። 38 ማለት ነው። የበኩር ልጁ 41 ሞልቶታል።

ደወልኩለት። «የአባባ እኮ ጨጓራ ነበር» አለ። ከዚያ ዝም አለ። እኔም ዝም አልኩ። ቆይቶ «የቀጠሮውን ቀን እነግርሃለሁ» አለኝ።

ማታ ልተኛ ስል ስልኬ ጮኸ፤ አክስቴ ናቸው።

«አጠገብህ ሰው አለ?»

«የለም።»

«ያቺን ክብ አጥቁራት። ግማሹን ብቻ!»

«እሺ፣ እትዬ።»

ስልኩን ልዘጋ ስል ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ሌላኛውንም ግማሽ አጥቁረው፤ ለስኳሩ።»