ማስተካከያ፦ ከሁንግናም የሸሹት ሁሉ በአንድ መርከብ አልወጡም

ሰሞኑን ስለ ኮሪያ ጦርነት ስደተኞች የሚዞር አንድ ጽሑፍ አለ። «አንዲት መርከብ 100,000 ሰው ከሁንግናም አወጣች፤ ቃኘው ሻለቃም አጀባት» ይላል። ሁለቱም ልክ አይደሉም። ሁንግናም የሰሜን ኮሪያ የወደብ ከተማ ናት፤ ቃኘው ደግሞ ኢትዮጵያ ለኮሪያ ጦርነት የላከችው ጦር ነው። (ቀኖቹን በፈረንጆቹ ነው የጻፍኩት።)

መርከቧ ሜሬዲዝ ቪክቶሪ ናት። የጫነችው 14,000 ገደማ ስደተኛ ነው። ወደ 100,000 የሚጠጋው በዲሴምበር 1950 ብዙ መርከቦች ከዚያ ወደብ ያወጡት ሲቪል ድምር ነው።

14,000ውም ቢሆን የዋዛ አይደለም። የጭነት መርከብ እኮ ናት፤ ከሠራተኞቿ ሌላ 12 መንገደኛ ብቻ እንድትይዝ ነው የተሠራችው። ካፒቴን ሊዮናርድ ላሩ ሰዉን ዕቃ ማስቀመጫው ውስጥ እንደ ጆንያ አጠጋግተው አስገቡት። ብርዱ አጥንት ይሰብራል፤ ምግብና ውኃ የለም ማለት ይቻላል። ዲሴምበር 23 ተነስታ የደቡብ ኮሪያ ወደብ ቡሳን ስትደርስ «ከተማው በስደተኛ ሞልቷል» ተባለች። ወደ ጌኦጄ ደሴት ቀጠለች። በጉዞው ማንም አልሞተም። ጭራሽ አምስት ሕፃናት ተወለዱ!

በኋላ የደቡብ ኮሪያ ፕሬዚዳንት የሆኑት ሙን ጄ-ኢን ከአምስቱ አንዱ ናቸው የሚሉም አሉ። አይደሉም። የተሳፈሩት ወላጆቻቸው ናቸው፤ እሳቸው የተወለዱት በ1953 ጌኦጄ ላይ ነው።

ወደ ቃኘው ስንመጣ፣ የመጀመሪያው ሻለቃ ቡሳን የገባው በሜይ 1951 ነው። ያኔ የተባበሩት መንግሥታት ጦር ሁንግናምን ለቆ ከወጣ ከአራት ወር በላይ አልፏል። የእኛ ወታደሮች በጦርነቱ ለተጎዱ ሲቪሎች የዋሉትን ውለታ የሚፈልግ ሰው የደቡብ ኮሪያዋን ከተማ ዶንግዱቾንን ይመልከት። እዚያ ወላጅ አልባ ሕፃናትን ያሳድጉ ነበር።